የአነሳስ ጥበብ

ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ያጠለቀችው ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በሚሌኒየሙ ዓመት ማብቂያ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያው የወፍ ጎጆ በሚሉት ስታዲየም፣ በዚያው መም ላይ፣ አንዲት የ21 ዓመት ጃማይካዊት 100 ሜትርን በ10.78 ሰከንድ ጨርሳ ወርቅ ወሰደች። ከአራት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ጥሩነሽ በ10 ሺው በድጋሚ አሸነፈች፤ በማግስቱ ያቺው ጃማይካዊት በመቶው ደገመችው። በቀጣዩ ዓመት ሞስኮ ላይም እንዲሁ ሆነ፤ እሑድ ጥሩነሽ፣ ሰኞ ሼሊ-አን ፍሬዘር-ፕራይስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዩጂን ላይ ለተሰንበት ግደይ 10 ሺውን ባሸነፈች ማግስት መቶውን የወሰደችው አሁንም ሼሊ-አን ነበረች።

ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህችን ሴት በትልልቅ ቀኖቿ ሁሉ አጠገቧ ነበርን ማለት ይቻላል። ግን ብዙም አላየናትም። ዓይናችን የሠለጠነው ለ25 ዙር ነው። ማን ማንን እንደምትሸፍን፣ ማን ከኋላ ሆና እንደምትጠብቅ፣ ደወሉ ሲደወል ማን ቀድማ እንደምትወጣ እናውቃለን፤ ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት አለን። መቶ ሜትር 11 ሰከንድ አይሞላም። አንድ ጊዜ ካመለጠ ቀሪው የአሸናፊዋ ፈገግታና ባንዲራ ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያለው የእጅ ሥራ፣ ይልቁንም የእግር ሥራ፣ በእኛ ዘመን ከታዩት ሁሉ እጅግ የተጣራ ነው።

መቶ ሜትር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ፍጥነትን ነው። ውድድሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች የተገጣጠሙበት ነው፤ መነሳት፣ መፍጠን፣ የተገኘውን ፍጥነት ይዞ መቆየት። ከዓለም ምርጥ ሴቶች አብዛኞቹ ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ የሚደርሱት ከ50 እስከ 60 ሜትር ባለው አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይቀንሳሉ። መጨረሻ ላይ ተስፈንጥራ አለፈቻት የምንላት ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት የጨመረች ሳትሆን ከሌሎቹ ያነሰ የቀነሰች ናት። ይህን ያወቀ ሰው ሩጫውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ማን ትቀድማለች ከማለት ይልቅ ማን ምን ሠርታ ወጣች ማለት ይጀምራል።

ሼሊ-አን አጭር ናት። ቁመቷ 1.52 ሜትር ነው፤ ከጎኗ ከሮጡት አንዷ የነበረችው ሆላንዳዊቷ ዳፍኔ ሺፐርስ 1.79 ሜትር ናት። በሩጫው መሃል ረጅም እግር ያላት ሰፊ እርምጃ ትወስዳለች፤ አጭሯ ግን መቶውን ለመጨረስ 50 ገደማ እርምጃ ያስፈልጋታል፤ ይህም የሚሆነው እግሮቿ እጅግ ፈጥነው ከተፈራረቁ ብቻ ነው። መነሻው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከተንበረከከችበት ሰውነቷን ቀና እስክታደርግ አጭሯ የምታነሳው ዕቃ ቀላል ነው፤ አጭር እግር ቶሎ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይመለሳል። ነገር ግን አጭር መሆን ብቻውን ማንንም ፈጣን ተነሺ አያደርግም። በየአገሩ አጫጭር ሯጮች ሞልተዋል። የእሷ ግን የተሠራ ነው።

እንዴት እንደተሠራ ለማየት ከብሎኩ መጀመር ያስፈልጋል። ብሎኩ ሁለት የእግር መርገጫ አለው፤ አንዱ ወደ መስመሩ የቀረበ፣ ሌላው ወደ ኋላ የራቀ። "በየቦታችሁ" ሲባል ትንበረከካለች፤ ጣቶቿ ከነጩ መስመር በስተኋላ ተዘርግተው እንደ ድልድይ ይቆማሉ። "ተዘጋጁ" ሲባል ዳሌዋ ከትከሻዋ ከፍ ይላል፤ ክብደቷም ወደ ጣቶቿ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሰውነቷ ሙሉ በሙሉ ይረጋል። በትልልቅ ውድድሮች ከየሯጩ ኋላ ድምፅ ማጉያ ይቀመጣል፤ የተኩሱ ድምፅ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ነው። ብሎኩ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ የእግርን ግፊት ይለካል፤ ከተኩሱ በኋላ ከ0.1 ሰከንድ በታች የገፋች ሯጭ ሰምታ ሳይሆን ገምታ ተነሳች ተብላ ትወጣለች። ከ2010 ወዲህ ለዚህ ማስጠንቀቂያ የለም፤ የመጀመሪያው ስህተት ከውድድር ያስወጣል። ስለዚህ ጥሩ አነሳስ ቸኩሎ መነሳት አይደለም። ሁለንተናዋ ሊፈነዳ የተዘጋጀ ሰው እስኪሰማ ድረስ ምንም ሳያደርግ መጠበቅ አለበት። ይህን ትዕግሥት ከ15 ዓመት በላይ በትልልቅ ፍጻሜዎች ፊት ደጋግሞ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከዚያ ተኩሱ ይሰማል። የሼሊ-አንን የመጀመሪያ አምስት እርምጃ በዝግታ ፊልም ያየ ሰው የሚገርመው እግሯ ከመሬት ምን ያህል እንደማይነሳ ነው። የኋላው እግር ከመርገጫው ሲለቅ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሙን ታክኮ ወደ ፊት ይወጣል። ወደ ላይ የወጣ እግር የሚባክን ጊዜ ነው፤ እሷ ያንን ጊዜ አትከፍልም። ቅልጥሟ ወደ ፊት እንዳዘነበለ ያርፋል፤ እግሯም የሚያርፈው ከዳሌዋ በታች ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የአነሳስ ሁሉ ቁልፍ ነው። እግር ከዳሌ ፊት ቀድሞ ካረፈ ፍሬን ይሆናል፤ ከዳሌ በታች ካረፈ ግን የሚቀረው ሥራ መሬቱን ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነው። ሰውነቷ ከራስ ቅሏ እስከ ተረከዟ አንድ ቀጥ ያለ ዘንበል ያለ መስመር ይሠራል። አንገቷ ያንን መስመር አይሰብርም፤ ዓይኖቿ መሙን እንጂ የመጨረሻውን መስመር አያዩም። ተመልካቹ ቀና ብላ ተቀናቃኞቿን ብታይ ደስ ይለው ይሆናል፤ እሷ ግን የምታየው ምንም የላትም፤ ሁሉም ከኋላዋ ናቸው።

ከዚያ ቀስ እያለች ትነሳለች። ቀስ እያለች የምለው በእሷ ሰዓት ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ያለቀ ነገር ነው። ብዙ ሯጮች በአራተኛው ወይም በአምስተኛው እርምጃ ላይ ድንገት ቀና ይላሉ፤ ያኔ ግፊቱ ይቋረጣል። የእሷ አካል ግን እርምጃ በተጨመረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ይነሳል፤ እርምጃውም እንዲሁ ጥቂት ጥቂት እያለ ይረዝማል፤ በየትኛው እርምጃ ላይ ቀና እንዳለች ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ስፌቱ አይታይም። እጆቿ ደግሞ ከእግሯ ጋር በልክ ይሠራሉ፤ ክርኗ ወደ ኋላ በኃይል ይሄዳል፣ መዳፏ ወደ ፊት ሲመጣ የደረቷን መሃል አያልፍም። ሰላሳኛው ሜትር ላይ ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ውድድሩ ተወስኗል።

ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ሲረግጥ ከላይ ያለው ሰው የሚያየው ጥለቱን ብቻ ነው። የሼሊ-አንም ሜዳሊያዎች የሚታዩት ጥለት ናቸው።

ያደገችው ኪንግስተን ውስጥ ዋተርሃውስ በሚባል ድህነትና ጥይት በበዛበት ሰፈር ነው። እናቷ መንገድ ዳር እየነገደች ነው ያሳደገቻት፤ እናትየውም በልጅነቷ ሯጭ ነበረች። ሼሊ-አን የተማረችው በወልመርስ የሴቶች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የጃማይካ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው በየዓመቱ በሚካሄደው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ሮጣለች። ይህ ሻምፒዮና ለጃማይካ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ለማስረዳት ይከብዳል፤ የተማሪዎች ውድድር ለማየት ብሔራዊ ስታዲየም ጢም ብሎ ይሞላል። እሷ ግን እዚያ ከሁሉ የላቀች አልነበረችም። የተለወጠችው ወደ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በአሰልጣኝ ስቲቨን ፍራንሲስ እጅ ከወደቀች በኋላ ነው። ፍራንሲስ የሌሎች አሰልጣኞች ዓይን ያልገቡ ሯጮችን እየሰበሰበ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሣር በለበሰ መም ላይ የሚያሠራ ሰው ነው። በሣር ላይ መሬቱ አይመልስልህም፤ እያንዳንዱን ግፊት ራስህ ማውጣት አለብህ። ያ ዝቅተኛና ገፊ አነሳስ ከዚያ ሣር ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ለማመን ይቸግረኛል።

እስከ 2008 ድረስ ከ11 ሰከንድ በታች ሮጣ አታውቅም ነበር። በዚያ ዓመት በአገሯ ማጣሪያ ሁለተኛ ወጣች፤ የዓለም ሻምፒዮኗ ቬሮኒካ ካምቤል-ብራውን አራተኛ ሆና ቀረች። ብዙ ሰው ያቺን ልምድ የሌላት ልጅ ትታችሁ ሻምፒዮኗን ላኩ አለ። የጃማይካ አትሌቲክስ በማጣሪያው ውጤት ጸና። ቤጂንግ ላይ ከብሎኩ ወጥታ ማንም አልደረሰባትም፤ መስመሩን ስታልፍ ጥርሷ ላይ ያለው ብረት እየታየ እየዘለለች ትስቅ ነበር። ሼሮን ሲምፕሰንና ኬሮን ስቱዋርት በ10.98 እኩል ገብተው ሁለቱም ብር ወሰዱ፤ ነሐስ አልተሰጠም። በኦሊምፒክ መቶ ሜትር ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጃማይካዊት ሴት ሼሊ-አን ሆነች።

በሚቀጥለው ዓመት በርሊን ላይ በ10.73 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2010 ለጥርስ ሕመም የወሰደችው ማስታገሻ የተከለከለ ንጥረ ነገር ስለነበረው የ6 ወር ቅጣት ተላለፈባት፤ ሕመም ማስታገሻ እንጂ ፍጥነት የሚጨምር አልነበረም፤ እሷም ቅጣቱን ፈጽማ ተመለሰች። ለንደን ላይ በ10.75 ስትደግም የኦሊምፒክ መቶ ሜትርን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈች ሦስተኛዋ ሴት ሆነች፤ ከእሷ በፊት ዋዮሚያ ታየስና ጌል ዴቨርስ ብቻ ነበሩ።

የሥራዋን ጥራት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን ለእኔ ሞስኮ ነው። 10.71 ሮጠች፤ ሁለተኛዋ ሙሪየል አሁሬ በ10.93 ገባች። በመቶ ሜትር ፍጻሜ 0.22 ሰከንድ ማለት ገደል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወርቅና ብር የሚለያዩት በሁለትና በሦስት መቶኛ ነው። በርሊን ላይ ከስቱዋርት የለያት 2 መቶኛ፣ ለንደን ላይ ከካርሜሊታ ጂተር የለያት 3 መቶኛ ነበር። በሞስኮው ፊልም ላይ ሰላሳ ሜትር ሳይሞላ ብቻዋን ናት። በዚያው ሻምፒዮና 200 ሜትሩንና የ4 በ100 ዱላ ቅብብሉንም አሸነፈች።

ሆኖም በዚያ ዘመን ሥራዋ አንድ ክፍት ቦታ ነበረው። ከመነሻው ብልጫ ታመጣለች፤ ከ70 ሜትር በኋላ ግን ያመጣችውን ለመጠበቅ ትታገል ነበር። በ2015 ቤጂንግ ላይ 10.76 ሮጣ ስታሸንፍ ረጅሟ ሺፐርስ በየእርምጃው እየቀረበቻት መጥታ በ10.81 ገባች። ሩጫው 110 ሜትር ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚያሰኝ አጨራረስ ነበር። ከዚያ በ2016 የእግር ጣቷ ተጎዳ፤ ያንን ሕመም ይዛ ሪዮ ላይ በ10.86 ነሐስ አገኘች። ወርቁን የወሰደችው አብራት የምትለማመደው ኢሌን ቶምፕሰን ነበረች። ሼሊ-አን ደግሞ 30 ዓመት ሊሞላት ወራት ነበር የቀራት። በአጭር ርቀት ይህ ብዙዎች ጫማቸውን የሚሰቅሉበት ዕድሜ ነው።

በኦገስት 2017 ልጇ ዛዮን በቀዶ ሕክምና ተወለደ፤ የዓለም ሻምፒዮናው የመቶ ሜትር ፍጻሜ ለንደን ላይ በተካሄደ ማግስት። ሆዷ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሴት ከብሎክ እንዴት ትነሳለች የሚለውን ጥያቄ ማንም በቀላሉ የሚመልሰው አይደለም፤ ያ ዘንበል ያለ ቀጥ ያለ መስመር የሚያዘው በሆድና በወገብ ነውና። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶሃ ላይ፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ በሆነ ስታዲየም፣ ፀጉሯን እንደ ቀስተ ደመና አስውባ ብሎኩ ላይ ተንበረከከች። 10.71። ዲና አሸር-ስሚዝ በ10.83 ሁለተኛ። ከዚያ ያንን ልጅ አቅፋ መሙን ዞረች። በ32 ዓመቷ የመቶ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን በመሆን በዕድሜ ከሁሉም ሴቶች ትልቋ ሆነች። ይህን የራሷን ታሪክ በኋላ በ35 ዓመቷ ራሷ አሻሻለችው።

እዚህ ላይ ነው እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነገር የሚመጣው። በሙያው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚችለውን ይጠብቃል። እሷ ግን ከ30 ዓመቷ በኋላ የማትችለውን መሥራት ጀመረች፤ የመጨረሻዎቹን ሰላሳ ሜትሮች። ማስረጃው 200 ሜትሩ ነው። በዚህ ርቀት ለንደን ላይ በ25 ዓመቷ የሮጠችው 22.09 ለዓመታት የራሷ ምርጥ ሰዓት ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ በጁን 2021 ኪንግስተን ላይ 21.79 ሮጠች። በዚያው ወር መቶውን 10.63፣ በኦገስት ደግሞ ሎዛን ላይ 10.60 ሮጠች፤ ከፍሎረንስ ግሪፊት-ጆይነርና ከዚያችው ከኢሌን ቶምፕሰን (በኋላ ቶምፕሰን-ሄራ) በቀር ከዚህ የፈጠነች ሴት እስካሁን የለችም። በእነዚያ ዓመታት አዲሱ የመሮጫ ጫማ እንደመጣ አውቃለሁ፤ በማራቶን ያየነው ዓይነት ለውጥ ወደ መሙም ገብቷል። ነገር ግን ጫማውን ሁሉም አድርገውታል፤ ከእሷ አሥር ዓመት የሚያንሱትም ጭምር።

2022ን ተመልከቱ። ሜይ ላይ ጎረቤታችን ናይሮቢ መጥታ 10.67 ሮጠች፤ ለእኛ የረጅም ርቀት ሯጮች ትንፋሽ የሚያሳጥረው ስስ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭ ከፊት የሚጋፋትን አየር ያቀልላታል። ከዚያ ግን ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ በማይሉ ከተሞችም ያንኑ አደረገች። በዚያ ዓመት ብቻ 7 ጊዜ ከ10.70 በታች ገባች፤ ፈጣኑ ሞናኮ ላይ የተመዘገበው 10.62 ነው። ዩጂን ላይ 10.67 ሮጣ፣ ማሪዮን ጆንስ ከ1999 ጀምሮ ይዛ የቆየችውን የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያ ፍጻሜ ሁለተኛ የወጣችው ሸሪካ ጃክሰን ናት፤ ከአራት ቀን በኋላ 200 ሜትሩን በ21.45 ያሸነፈችው፣ በዘመኗ ከሁሉ የጠነከረ አጨራረስ ያላት ሴት። ጃክሰን የመጨረሻውን ሰላሳ ሜትር ሁሉ አሳደደቻት፤ አልደረሰችባትም። ሼሊ-አን ትከሻዋ አልተወጠረም፣ አገጯ አልተነሳም፣ እግሯ ከዳሌዋ ፊት ማረፍ አልጀመረም። በ2015 ክፍት የነበረው ቦታ ተደፍኗል። አነሳሷ በወጣትነቷ ከነበረው ብዙ አልተቀነሰም፤ መጨረሻው ግን አዲስ ነው።

ውርስ ሲባል ሰው ሐውልትን ያስባል፤ ሐውልቷ ከ2018 ጀምሮ ኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ግቢ ቆሟል። በ"ኪስ ሮኬት" ቅጽል ስሟ ያቋቋመችው ድርጅት ሯጭ ተማሪዎችን ያስተምራል። እነዚህ መልካም ናቸው። እኔ ግን ሙያ የሚወረሰው በሙያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ወደ መሙ እመለሳለሁ። በሴፕቴምበር 2025 ቶኪዮ ላይ በ38 ዓመቷ ለመጨረሻ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና መቶ ሜትር ፍጻሜ ቀረበች። አሜሪካዊቷ ሜሊሳ ጄፈርሰን-ዉደን 10.61 ሮጣ በሻምፒዮናው አዲስ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው ጃማይካዊቷ ቲና ክሌይተን ናት፤ ዕድሜዋ 21፣ ሼሊ-አን ቤጂንግ ላይ የነበራት ዕድሜ። ሼሊ-አን በ11.03 ስድስተኛ ገባች።

የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብሉ ቀረ። በዱላ ቅብብል ከብሎክ የምትነሳው አንዷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሦስቱ ቆመው እየተንደረደሩ ዱላ ይቀበላሉ። የጃማይካ አሰልጣኞች በፍጻሜው ከሁሉ ታላቅ የሆነችውን ሯጭ የት እንደሚያሰልፉ ሲወስኑ መጀመሪያው ላይ አደረጓት። ጃማይካ ብር አገኘች፤ ከአሜሪካ ጋር የለያያቸው 4 መቶኛ ሰከንድ ነበር።